«አለ» ስለ ማለት

ብዙ ሰዎች ሐሰት የሚባለው እያወቁ የሚናገሩት ብቻ ይመስላቸዋል። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ በአብርሃ ጅራ ባለች አክስቴ ቤት የሆነው ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ የሰሊጡ አጨዳ እንዳለቀ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ለሥራ ተሻገረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙዎች በዚያው በመተማ ሲመለሱ እርሱ አልተመለሰም፤ ወሬውም ጠፋ። ሊሄድ ሲል በስልክ ያነሣሁት አንድ ፎቶግራፍ ነበረ። ይህን ወደ ሚሞሪ ገልብጬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ በአክስቴ ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። ስልኩም ከጊዜ በኋላ ተበላሸ። አክስቴ ባገኘችኝ ቍጥር «ልጄ፣ የወንድምህ ፎቶ አለ?» ትለኛለች፤ እኔም «አለ» እላታለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቃሌ እውነት ነበርን? ያለው ሚሞሪው እንጂ ምስሉ ስለ መኖሩ ምን አውቄ ነበር?

በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አላቸው፤ ፊደል የቈጠረ ሁሉ ገልጦ ያነባቸዋል። ሚሞሪ ግን ምስሉን የሚይዘው በቀለም ሳይሆን በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታጐረ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህም ኃይል ማንም ሳይነካው ከዘመን ብዛት ቀስ በቀስ ይሾልካል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። የመተማን ቆላ የሚያውቅ ሰው በሚያዝያ ወር ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ሣጥን ምን እንደሚመስል አይጠይቀኝም። ኃይሉ ባይሾልክ እንኳ ያለ መሣሪያ አይነበብም፤ ስንቱ ቤት ነው ዛሬ ካሴቱ ኖሮ ቴፑ የሌለው!

ብራናም ቢሆን ሲያረጅ ጸሐፊ እየተቀመጠ ይገለብጠው ነበር። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ፊልሙን ለማንበብ ብርሃንና ማጉያ መስተዋት ይበቃል። ያን ሥራ የሠሩት ሰዎች «መጻሕፍቱ አሉ» ብለው አልተኙም።

«አንተ ግን ያመንኸውን ስለ ተናገርህ አልዋሸህም» የሚለኝ ይኖራል። የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሌሊቱን ተኝቶ አድሮ ጧት «ሁሉ ደኅና ነው» ቢል፣ ሌባ ባይገባስ ምስክርነቱ ምን ይረባል? ያላየውን መስክሯል። እኔም በዓመት አንድ ቀን ሚሞሪውን ከፍቼ ማየትና በሌላ ላይ መገልበጥ ስችል፣ ሳላይ መሰከርሁ።

ባለፈው ዓመት በኮምፒዩተር ብከፍተው መሣሪያው አላውቀውም አለ። ከብዙ ድካም በኋላ አንድ ባለሙያ የምስሉን ላይኛውን ግማሽ አወጣልኝ፤ ግንባሩና ዓይኖቹ ይታያሉ፣ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። በወረቀት አሳትሜ፣ በጀርባው ስሙንና ዘመኑን ጽፌ፣ አንዱን ለአክስቴ፣ አንዱን ጎንደር ላለች እኅቱ ሰጠሁ። አክስቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆይታ «የቀረውስ የት አለ?» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ «የለም» አልኋት።