«ተሰበረብኝ» እና «ሰበርኸው»

በአማርኛ ቋንቋችን አንድ ዕቃ ሲበላሽ የምንናገርባቸው ሁለት ቃላት አሉ። ልጁ «ተሰበረብኝ» ይላል፤ አባቱ ደግሞ «ሰበርኸው» ይለዋል። የተሰበረው ዕቃ አንድ ነው፤ የተሰበረበትም ሰዓት አንድ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት በዳኛ ፊት በቆሙ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ያለውን ርቀት ያህላል። «ተሰበረብኝ» የሚል ሰው ጉዳት የደረሰብኝ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ «ሰበርኸው» የሚል ግን ጉዳቱን ያደረስኸው አንተ ነህ ማለቱ ነው። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ሳይታወቅስ መፍረድ ይገባልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። የምንነሣበት ምሳሌ ታናሽ ነው፤ ይኸውም የልጆች መጫወቻ ነው።

ከሩቅ ሆነው በሬዲዮ ሞገድ የሚነዷቸው ትናንሽ መኪኖች ዛሬ በጎንደር ከተማ ብቻ ሳይሆን ከደባርቅም አልፎ በጃን አሞራ እስከ መካነ ብርሃን ድረስ በልጆች እጅ ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግል እኅት ወይም አክስት የላከቻቸው ናቸው። ሳጥኑ በተከፈተ ዕለት ቤቱ የሠርግ ቤት ይመስላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌው ሳይቀር ማዘዣውን ተቀብሎ ቍልፉን ይጫናል፤ መኪናው ከምድጃው ሥር እስከ ደጃፉ ሲሮጥ ሁሉ ይስቃል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ሳቁ ይቀርና ምርመራው ይጀመራል፤ ምርመራውም «ምን ሆነ?» በሚል ሳይሆን «ማን ነካው?» በሚል ነው።

ይህ መጫወቻ ከመምጣቱ አስቀድሞ የደጋው ልጆች መኪና አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ሽቦ አጥፈው፣ ጣሳ ቀድደው፣ ቆርኪውን መንኰራኵር አድርገው የሚሠሩት መኪና ነበራቸው፤ ዛሬም አላቸው። ያም መኪና ይሰበራል፤ እንዲያውም በቀን ሦስት ጊዜ ይሰበራል። ነገር ግን ስለ ሽቦ መኪና ሲባል የተገረፈ ልጅ አለ ሲባል ሰምተን አናውቅም። ምክንያቱ ዋጋው ማነሱ ብቻ አይደለም። የሽቦውን መኪና የሠራው ልጁ ራሱ ስለ ሆነ የትኛው ማሰሪያ እንደ ላላ ያውቃል፤ ቁጭ ብሎ መልሶ ያስረዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በሬዲዮ የሚታዘዘው መኪና ግን ውስጡ የማይታወቅ ነው፤ ውስጡን በማናውቀው ነገር ላይ ደግሞ ፍርዳችን ፈጣን ይሆናል።

እንግዲህ ውስጡ ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንናገር። ሰው ሳይነካው ከሩቅ የሚታዘዝ ዕቃ ለዓለም የታየው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. ኒኮላ ቴስላ የተባለው ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ በገንዳ ውኃ ላይ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እየመራ ባሳየ ጊዜ ነው። በመጫወቻው ያለው ሥራ በመሠረቱ ከዚያ አይለይም። በልጁ እጅ ያለው ማዘዣ ሞገድ ይልካል፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ተቀባይ ሞገዱን ሰምቶ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሩ ወይም ወደ መሪው ይለቅቃል። ከዚህ መካከል አንዱ ቢደክም ሁሉ ይቆማል፤ የሚደክሙበትም ምክንያት ብዙ ነው። የስሜን ብርድ አንዱ ነው፤ በባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ በብርድ ጊዜ ስለሚዘገይ፣ ማታ ሙሉ የነበረው ባትሪ ውርጭ ባደረበት ማለዳ የሞተ ይመስላል፤ ፀሐይ ወጥታ ሲሞቅ ደግሞ ይነሣል። በበጋ ትቢያው በማርሾቹ ጥርስ መካከል ይገባል፤ በክረምት ጭቃው ይገባል። ለጠፍጣፋ የሲሚንቶ ወለል የተሠራው ጎማ በድንጋያማ ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ከላስቲክ የተሠራው የማርሽ ጥርስም ይበላል። ባትሪው ሳይወጣ ወራት ከቆየ አፈትልኮ የሚያያይዘውን ብረት ያዝገዋል።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን የሞገድ መደባለቅ ነው። በርካሽ የሚሸጡት የቀድሞዎቹ መጫወቻዎች ብዙዎቹ በ27 ወይም በ49 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ልጆች በአንድ ሰፈር አንድ ዓይነት ሞገድ ያላቸው መኪኖች ቢኖሯቸው፣ ይህ ልጅ «ቁም» ሲለው መኪናው የጎረቤቱን ልጅ ትእዛዝ ሰምቶ ይሮጣል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩት አዲሶቹ እያንዳንዱ ከራሱ ማዘዣ ጋር የተጣመረ ስለ ሆነ ይህ ጣጣ እምብዛም የለባቸውም። ይህን የማያውቅ ቤተ ሰብ ግን መኪናው ለብቻው ሲሄድ ባየ ጊዜ ወይ ሰይጣን ገባበት ይላል፤ ወይም ልጁ አበላሸው ይላል። ልጁ እጁን እንኳ አላነሣም፤ ያዘዘው ከአጥር ማዶ ያለው ጓደኛው ነው፤ ጓደኛውም አላወቀም። በዚህ ስፍራ ጥፋት አለ፤ ጥፋተኛ ግን የለም።

ጥፋት ሳለ ጥፋተኛ አለመኖሩን የሰው ልብ በቀላሉ አይቀበለውም። አነጋገራችን ራሱ ይህን ያሳያል። ቍልፉ አልከፍት ሲል «እንቢ አለኝ» እንላለን፤ ሬዲዮው ሲዘጋ «አኰረፈ» እንላለን፤ ባትሪው ሲያልቅ «ሞተ» እንላለን። ግዑዝን ነገር ፈቃድ እንዳለው አድርገን እንናገራለን፤ ከተናገርን በኋላ ደግሞ እንቈጣዋለን፤ ቍጣችን በግዑዙ ላይ ማረፊያ ሲያጣ በአጠገቡ ወደ ቆመው ሰው ይዞራል። በአጠገቡ የሚቆመው ደግሞ ሁልጊዜ ልጁ ነው።

በአባቱም ላይ በችኮላ መፍረድ አይገባንም። እርሱን የሚያቃጥለው የላስቲክ መኪናው አይደለም። ልጁ የሰበረው መጫወቻ ነው፤ አባቱ ግን በዚያ መጫወቻ ውስጥ የሚያየው የሴት ልጁን ወዝ ነው፤ በሰው አገር ሌሊት ተነሥታ የሰው ወለል ጠርጋ ያገኘችውን ገንዘብ ነው። «ይህን ለመላክ ስንት ቀን ራሷን ከለከለች?» እያለ ሲያስብ እጁ ወደ በትር ይሄዳል። ኀዘኑ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እውነተኛ ኀዘን እውነተኛ ፍርድን አይተካም፤ እኅቲቱም ወንድሟ እንዲገረፍበት ብላ አልላከችውም።

በኦሪት ዘዳግም ስለ መሣሪያ መበላሸት የተጻፈ ከባድ ነገር አለ። አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቈርጥ ወጥቶ ብረቱ ከመጥረቢያው እጀታ ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ አስቀድሞም ጠላቱ ካልነበረ፣ ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ሕግ ተሠርቶለታል። እንግዲህ የሰው ነፍስ በጠፋበት ነገር እንኳ ሕጉ ብረቱ መውለቁንና ሰውየው መጣሉን ከለየ፣ በመጫወቻ መኪና ጊዜ ይህን ለመለየት የሚያቅተን ስለ ምንድር ነው? ከዚህ ይልቅ ለነገራችን የሚቀርበው ግን የነቢዩ የኤልሳዕ ታሪክ ነው። የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቈርጡ የአንዱ መጥረቢያ ብረት ወልቆ ከውኃው ገባ፤ ሰውየውም መጥረቢያው የተዋሰው ስለ ነበረ ጮኸ። ነቢዩ ለምን አልተጠነቀቅህም ብሎ አልመረመረውም፤ የጠየቀው የወደቀበትን ስፍራ ነው። ሰውየውም ስፍራውን አሳየው። ተአምራቱ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ሁላችን ተአምራቱን እንናገራለን፤ ጥያቄውን ግን እናልፈዋለን። ያ ሰው የሚቀጣ መስሎት ቢሆን ኖሮ ስፍራውን ባላሳየም ነበር።

የመጫወቻውም ነገር እንዲሁ ነው። ልጁ ስለ መጀመሪያው ብልሽት ከተገረፈ ሁለተኛውን ይሸሽጋል። መኪናው ዳገት ሲወጣ ማርሹ «ቀጭ ቀጭ» ማለት በጀመረ ጊዜ ቢናገር ኖሮ ጠጋኙ ትቢያውን ጠርጎ ጥቂት ዘይት ጠብ ባደረገበት ነበር፤ እርሱ ግን ፈርቶ ዝም ይላል፤ ጥርሱ በሙሉ ያልቃል። ሲጠየቅም «እኔ አልነካሁትም» ይላል። በዚያ ቤት የተበላሹት ነገሮች አሁን ሁለት ናቸው፤ መኪናውና የልጁ አንደበት። መኪናውን በጎንደር ፒያሳ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ምናልባት ያድሰው ይሆናል።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ አባቶች፣ «ልጅ ሳይቀጣ ካደገ ዕቃ መጠበቅን ከየት ይማራል? ይህን ቢሰብር ዝም ብንለው ነገ በሬውን ገደል ይሰድዳል» ይሉናል። ነገሩ ቀላል ስላልሆነ በንቀት አንመልሰውም። በእርግጥም ብልሽት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ተቈጥቶ መኪናውን ከግድግዳ ጋር ያላተመ ልጅ «ተሰበረብኝ» ሊል አይችልም፤ ሰበረው። እየተነገረው ዝናብ ላይ ያሳደረውም ቢሆን በሰነፍነቱ ይጠየቃል። ነገር ግን ይህን ከዚያ ለመለየት የሚቻለው ዕቃው ከተመረመረ በኋላ ነው እንጂ ከመመርመሩ በፊት አይደለም። ዐራት ብሎን ፈትቶ ውስጡን ያየ ሰው ጥርሱ ተበልቶ እንደ ሆነ፣ ሽቦው ተበጥሶ እንደ ሆነ፣ ወይስ አካሉ በድንጋይ ተቀጥቅጦ እንደ ሆነ በዐይኑ ያያል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ሳያዩ የሚፈርዱት ፍርድ ሥጋውን ትቶ አጥንቱን ይይዛል። ጥንቃቄስ ቢሆን ከበትር ይልቅ ከዕውቀት ይወለዳል፤ ልጁ ከአባቱ ጋር አንድ ጊዜ ውስጡን ካየ በኋላ ጭቃ ላይ መንዳቱን ራሱ ይተዋል፤ ለምን እንደሚተው ስላወቀ ነው።

ከዚያው ከጃን አሞራ የሚነሣ ትልቅ ታሪክም ይህን ያስታውሰናል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ንጉሡ ኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለጀርመንና ለስዊስ ተወላጆች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከመጽሐፍ ሰበካ ጋር የእጅ ሥራ የሚሠሩ እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ የወጣው ከከሸፈው ሙከራ በኋላ ነው፤ ምድጃው እንዴት እንደ ተበላሸ የሚናገር ሰው ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ምድጃ ከፊተኛው ባልተሻለም ነበር። ያን መድፍ መንገድ እየቀደዱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ውጊያ ቀን ግን ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና ሲተኰስ ፈነዳ፤ ከልክ በላይ ባሩድ ጎርሶ ነበር ይባላል። በዚያ ሰዓት በአጠገቡ የነበረ ተኳሽ «በዛ» ለማለት ይደፍር ነበር ወይ ብለን እንጠይቃለን። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

በሌላውም ዓለም ይህን ነገር በብዙ ደም የተማሩት አሉ። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፕላን ነጂዎች በበረራ ላይ የተሳሳቱትን ወይም ያስተዋሉትን ጉድለት ለናሳ በጽሑፍ ያስታውቃሉ፤ ያስታወቀው ሰው ስሙ ተሰውሮ ይቀመጣል፤ ሆነ ብሎ ያላደረገውም ከሆነ ከቅጣት የሚጠበቅበት ሥርዓት ተሠርቶለታል። ይህን ያደረጉት ለነጂዎቹ አዝነው ብቻ አይደለም። የፈራ ሰው የሚሸሽገው ብልሽት ነገ ሌላውን አውሮፕላን እንደሚጥል ስላወቁ ነው።

እኛስ ዘንድ? የመንደሩ ወፍጮ ከመቆሙ ከሳምንት በፊት ድምፁ ይለወጣል፤ አስፈጪው ይሰማል፤ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» እንዳይሉት ዝም ይላል። የእጅ ውኃ ማውጫው ዘንግ ሲላላ ጠባቂው ያያል፤ ዝም ይላል። ሁለቱም በቆሙ ጊዜ ኮሚቴ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ጥፋተኛው መገኘቱ ውኃ አላወጣላቸውምና። ወፍጮውን የሚጠብቀው ያ ሰው በልጅነቱ በመጫወቻው የተገረፈ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ዝም ማለትን ግን የተማረው አንድ ስፍራ ነው።

በመጨረሻ ፈጽሞ የማይጠገን መኪና መኖሩ አይቀርም፤ ተቀባዩ ከተቃጠለ ምትኩን በደጋው ገበያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ያን ጊዜ አባትየው ለልጁ፣ «በል አምጣው፤ ምኑ እንደ ሞተ አብረን እንየው» ቢለው፣ ልጁ ደኅናውን ሞተር ነቅሎ ያወጣዋል። ሁለት ሽቦና አንድ ባትሪ ያያይዝበታል፤ ከጣሳ የቈረጠውን ክንፍ ይሰካበታል፤ ነፋስ የሚሰጥ ማራገቢያም ይሆናል። ጎማዎቹን ደግሞ ለሽቦ መኪናው ያደርጋቸዋል፤ ከቆርኪ ይልቅ ዳገት ይወጣሉ።