ስለ ጠጉርና ስለ መነጽር መስማማት

አንዲት ሴት በስድሳ አምስት ዓመቷ መስተዋት ፊት ቆማ «ይህ መነጽር ከጠጉሬ ጋር ይስማማልን?» ብላ ብትጠይቅ፥ ከንቱ ናት ልትባል ይገባልን? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለመፈላሰፍ ብዬ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶብኝ፥ መልሱን ሳላገኝለት ከመነጽር ቤት ባዶ እጄን ስለ ተመለስሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ በ2013 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ እንደ አገራችን ልማድ ጠጉሬን ተቆረጥሁ። ከልቅሶው በኋላ ዓመት አልፎ ሁለት ዓመት ሲተካ ጥቁር ልብሴን አወለቅሁ፤ ጠጉሬን ግን ባደገ ቁጥር መልሼ እቆርጠዋለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ለአሮጊት ምን ያደርግላታል፥ ይህ ይቀለኛል» እላለሁ። መነጽሬም ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የተገዛ፥ አንደኛው ክንዱ በክር የታሰረ ነበር። የዓይን ሐኪሙ መርምሮ አዲስ ባዘዘልኝ ጊዜ የልጄ ልጅ አብራኝ ሄደች። ባለ ሱቁን «ርካሹን ስጠኝ» አልሁት። ልጅቱ ግን «እቴቴ፥ መነጽሩ ከጠጉርሽ ጋር ካልተስማማ ፊትሽን ያጠፋዋል፤ መጀመሪያ ጠጉርሽን እንወስን» አለችኝ። በሰው ፊት አፈርሁ፤ ተቆጥቼም ወጣሁ።

ቁጣዬ ከየት እንደ መጣ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፥ ከልጅነቴ ትምህርት የመጣ ሆኖ አገኘሁት። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሐዋርያው ጴጥሮስ በፊተኛይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ስለ ሴቶች ጠጉር አሠራር የጻፈውን በቃላችን አጥንተናል። በዚህ አላማርርም፤ እግዚአብሔርን መፍራትንም፥ እንጀራ የበላሁበትን ሒሳብንም ያገኘሁት ከዚያው ነው። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን የሚጾሙትን ሰዎች ራሳቸውን እንዲቀቡ፥ ፊታቸውንም እንዲታጠቡ አዝዟል። ይህን ምዕራፍ ስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ፥ ከዚያኛው አጠገብ አስቀምጬ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። መጎሳቆልም ለታይታ ሊሆን ይችላል ማለት ነውና። በክር የታሰረው ክንድና የተቆረጠው ጠጉሬ «እዩኝ፥ ዓለምን የናቅሁ ነኝ» እያሉ በየገበያው ይመሰክሩልኝ ነበር።

ደግሞስ ጠጉር ቀላል ነገር ነው ያለው ማን ነው? አባቶቻችን በጠጉር ይነጋገሩ ነበር። ቁንጮው ሕፃን መሆኑን፥ ሳዱላዋ ገና ያላገባች ልጃገረድ መሆኗን፥ የተላጨው ራስ ሐዘንተኛ መሆኑን ሳይጠየቅ ይናገራል። የዐፄ ቴዎድሮስን ሹሩባ የማያውቅ የለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ተቆርጦ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ጠጉራቸው በ2011 ዓ.ም. ለአገራችን ሲመለስ፥ ብዙ ሰው እንደ አስከሬን አክብሮ ተቀብሎታል። መነጽር ግን እንግዳ ነው፤ በጠጉራችን ቋንቋ ውስጥ ስፍራ ሳይዘጋጅለት ገብቶ ፊታችን ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ቢጋጩ አያስደንቅም፤ ሲጋጩም በዓይኔ አይቻለሁ።

በ1981 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማየት ስለ ተሳናት አባቷ ሁለት በግ ሸጦ መነጽር ገዛላት። እናቷ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ወፍራም ሹሩባ ሠርታ ቅቤ ትቀባታለች። እንግዲህ አስቡት፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ሹሩባ የመነጽሩን ክንድ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ተዛንፎ ይቆማል፤ ፀሐይ ሲበረታም ቅቤው ወርዶ መስተዋቱን ያደበዝዘዋል። ልጆቹ «አራት ዓይን» እያሉ ሳቁባት። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብሉያትን፥ ሐዲሳትን፥ ሊቃውንትንና መነኮሳትን ጠንቅቆ ያወቀ ሊቅ «አራት ዓይና» ተብሎ ይከበራል፤ ከዚህ ማዕርግ የምትለይ በአንዲት ፊደል ብቻ የሆነች ቃል ለሕፃኒቱ ስድብ ሆነችባት። እርሷም መነጽሯን ከበሩ ላይ እያወለቀች በደብተር መያዣዋ ውስጥ መደበቅ ጀመረች።

እኔ ምን አደረግሁ? በክፍሉ ፊት አቁሜ ሩብ ሰዓት ያህል ሰበክሁባት። መልክ ከንቱ እንደ ሆነ፥ እግዚአብሔር ልብን እንጂ ፊትን እንደማያይ፥ የአባቷን በጎች በከንቱ እንዳስቀረች ነገርኋት። እንባዋ ወረደ። መነጽሩን አደረገችው፤ በማግሥቱ ግን እንደ ገና ደበቀችው።

ያዳናት የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ልጅቱን ከኩሽናው ደጃፍ አስቀምጣ፥ ሹሩባዋን ፈትታ፥ ከግንባሯ ወደ ኋላ በቀጭኑ ጎነጎነችላት፤ ከጆሮዋ በላይ ያለውንም ስፍራ ዝርግ አደረገችው። መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መነጽሩን አደረገችላት። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ይኸው፥ አምሮብሻል» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ልጅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወለቀችውም። ዓመቱን ግን ደገመች። የደገመችው በስብከቴ ምክንያት ነው አልልም፤ ሆኖም ሦስት ወር ሙሉ ሰሌዳውን ሳታይ በተቀመጠችበት ጊዜ «ትጋት የላትም» ብዬ በመዝገቤ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ጆርዳኖ የተባለ የኢጣልያ መነኩሴ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1306 ዓ.ም. በፍሎረንስ ከተማ ሲሰብክ፥ መነጽር ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላው እያደነቀ ተናግሯል። እርሱ በስብከቱ መነጽርን አመሰገነበት፤ እኔ በስብከቴ ሕፃን አሳፈርሁበት።

ይህ ሁሉ ትዝ ብሎኝ በሁለተኛው ሳምንት ከልጅቱ ጋር ወደ መነጽር ቤቱ ተመለስን። «መጀመሪያ ጠጉር» በሚለው ሐሳቧ ግን አልተስማማሁም። ጠጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ቢበላሽም ይታረማል። ፍሬም ግን አያድግም፤ ዋጋውም እንደ ጠጉር ቤት ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ፍሬሙ ለዓይንና ለፊት ይመረጣል፤ ጠጉሩ ደግሞ ለፍሬሙ ይሠራል አልኋት። ረታኋት፤ የቀድሞ አስተማሪ መርታት ይወዳል።

ዓይንም የራሱ ሕግ አለው። ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ የዓይኑ ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ ቅርቡን ማየት ይቸግረዋል። ለእኔ የታዘዘው በላይኛው ክፍል ለሩቅ፥ በታችኛው ለንባብ የሚሆን ነው፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. በደብዳቤው የተረከው ዓይነት መሆኑ ነው። ልጅቱ የወደደችው ጠባብ ፍሬም ለንባቡ ክፍል ስፍራ ስለማይተርፈው ቀረ። እኔ የያዝሁት ወፍራም ጥቁርም ከአጭር ነጭ ጠጉር በታች ሲሆን ሰው ከእኔ በፊት መነጽሩን የሚያይ ሆነ። የላይኛው ጠርዙ ቅንድብን የሚከተል ቡናማ ፍሬም ተገኘ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር አስገረመኝ። ፍሬም የሚመረጠው ሐኪም ያዘዘው መስተዋት ሳይገባበት ነው፤ ስለዚህ አሮጌ መነጽሬን አውልቄ ባዶውን ሳደርግ መስተዋት ውስጥ የሚታየኝ ጭጋግ ብቻ ነበር። ፊቴን የሚያውቀው ከእኔ ይልቅ ያቺ ልጅ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ «ፊቴ የራሴ ጉዳይ ነው» ስል ኖሬ፥ ያን ቀን የሌላ ሰው ዓይን መዋስ ግድ ሆነብኝ። እናቱን ወይም አያቱን በየቀኑ የሚያይ ሰው በዚያ ፊት ላይ ጥቂት መብት ያለው ይመስለኛል፤ ብዙ ባይሆንም።

ጠጉሬን መቁረጥ ተውሁ። ለመሠራት የሚበቃ እስኪሆን አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። ከግንባሬ ወደ ኋላ ቀጭን ሹሩባ ተሠራሁ፤ በጆሮዬ ላይ ዝርግ፥ በጥብቅም ያልተወጠረ፤ የጆሮ ግንዱን ጠጉር አጥብቆ የሚስብ ሹሩባ ውሎ አድሮ ይመልጠዋልና። በእድራችን ስብሰባ አንዲት ጎረቤቴ አየችኝና «ሐዘንሽን ጨረስሽ እንዴ?» አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም። እኔ ግን የምመልስላት አጣሁ። ካደረግሁት ውስጥ ከፊሉ እውነተኛ ሐዘን እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ከፊሉ ደግሞ የመበለትነት ማዕርግ ነበር፤ ድንበሩ የት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በዚያው ማታ በ1975 ዓ.ም. የተነሣነውን የጋብቻችንን ፎቶግራፍ አወረድሁ። ባለቤቴ በዘመኑ እንደ ነበረው ልማድ ጠጉሩን አፍሮ አድርጎታል። ያን ቀን በሚዶ ሲያበጥር ብዙ ቆይቶ ፎቶ ቤቱ ሊዘጋብን እንደ ነበረ፥ እኔም በመንገድ ላይ በዚሁ እንደ ተቆጣሁት ትዝ አለኝ። ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ አስጠግቼ በመነጽሬ በታችኛው ክፍል አየሁት። የጠጉሩ ዳር ዙሪያውን ክብ ነው፤ አንዲት ዘለላ እንኳ አልተዛነፈችም።