እውነት ጽፎ መዋሸት

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 29፥15-31 እና ዘፍጥረት 23



እ.ኤ.አ. በ2013 የገና ሰሞን በእንግሊዝ አገር አንድ ወጣት አባት ለትንሽ ልጁ ስጦታ ሊገዛ ኢቤይ ገባ። ኢቤይ በኢንተርኔት ዕቃ በጨረታም ሆነ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ልጁ የሚወደውን ኤክስቦክስ የተባለ የጌም ማጫወቻ አይቶ 450 ፓውንድ ከፈለ። ዕቃው ደርሶ ሲከፍተው ግን ያገኘው የኤክስቦክስ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በማስታወቂያው ላይ «ፎቶ» የሚል ቃል ነበረበት። ነገር ግን የተለጠፈው ከጌም ማጫወቻዎች ተርታ ነው፤ ዋጋውም የማጫወቻው ዋጋ ነው። ለወረቀት ይህን ያህል የሚጠይቅ ሰው አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ኢቤይም ገንዘቡ እንደሚመለስለት ተናገረ።

እንዲህ ያለ ሻጭ «ጽፌያለሁ እኮ! ያላነበበው እሱ ነው» ማለት ይችላል። ይህን መልስ እኛም እናውቀዋለን። እዚህ ካምፕ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ግሩፕ ስልኩ፣ ሶላሩ፣ ምድጃው ይሸጣል። «ባትሪው የተቀየረ» ይባላል፤ በሌላ አሮጌ ባትሪ መቀየሩ አይነገርም። «ስክሪኑ ንጹሕ» ይባላል፤ ፎቶው የተነሣው ከአንድ ወገን ነው። «ብዙ አልተሠራበትም» የተባለውም ስለማይሠራ ነው። ቃል በቃል ሲመረመር ውሸት የለበትም።

ላባን ያደረገው ይህንኑ ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ በሰው አገር የተጠጋ ስደተኛ ነበር። ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ላገልግል ብሎ ስሟን ጠርቶ ተዋዋለ። አሁን ቁጥር 19ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ላባ ለሌላ ከመስጠት ለአንተ መስጠት ይሻላል፣ እኔ ዘንድ ተቀመጥ አለው። የራሔልን ስም ግን ከአፉ አላወጣም፤ መቼ እንደሚሰጥም አልተናገረም። ሰባት ዓመት አልፎ፣ ሠርጉ ተደግሶ፣ ሲነጋ ልያ ሆና ተገኘች። ያዕቆብ ሲጮህ ላባ የአገሩን ልማድ ጠቀሰ፦ ታላቂቱ ሳትዳር ታናሺቱ አትዳርም። ልማዱ እኮ ከሰባት ዓመት በፊትም ነበረ! ሊነግረው ጊዜ ያጣ ሰው አይደለም።

(ልያ ዕቃ አይደለችም፤ ይህን ሳልል ባልፍ ይከብደኛል። ከሁሉ በላይ የተጎዳችው እሷ ናት። እግዚአብሔርም መጠላቷን እንዳየ በቁጥር 31 ተጽፏል። አታላይ ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ጉዳይ ይመስለዋል፤ የሚጎዳው ግን ሌላም አለ።)

በዘፍጥረት 23 ደግሞ ሌላ ስደተኛ እናገኛለን። ሣራ ሞታለች፤ አብርሃም መቀበሪያ የለውም፤ እንግዳና መጻተኛ መሆኑን ራሱ ለኬጢያውያን ይናገራል። የተቸገረ ገዢ ነው። ኤፍሮንም ልክ እንደኛ ነጋዴ በነጻ ውሰደው ካለ በኋላ 400 ሰቅል የሚለውን ዋጋ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገ። አብርሃም ብሩን መዘነለት። ከዚያ በቁጥር 17 እና 18 የተሸጠው ነገር ይዘረዘራል፦ እርሻው፣ በውስጡ ያለው ዋሻ፣ በዙሪያው ዳርቻ ያለው ዛፍ ሁሉ፤ ይህም በከተማው በር በሕዝብ ፊት። ዛፉ ሳይቀር! ከዚህ በኋላ «ዛፉ አልተሸጠም ነበር» ብሎ የሚከራከር የለም።

ጉድለትን መናገር ያከስራል የሚል ሰው ይህንን ይስማ። የኢቤይ መሥራች ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ገበያውን ሲጀምር መጀመሪያ ከተሸጡት አንዱ የተበላሸ ሌዘር ነው፤ ግድግዳ ላይ ቀይ ብርሃን የሚያሳርፈው እስክሪብቶ መሳይ ዕቃ። የተበላሸ መሆኑን ጽፎ አወጣው፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ኦሚድያርም ገዢውን መበላሸቱን ተረድተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው የተበላሹ ሌዘሮችን የሚሰበስብ ነበር። እዚህም የሞተ ስልክ ለመለዋወጫ የሚፈልግ ጠጋኝ አይጠፋም። ለእሱ በእውነተኛ ስሙ ሽጡለት።

ስልክ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ዘመድ የሚልከው ገንዘብ በእሱ ይመጣል፤ ስንት ዓመት የተጠበቀ የሪሴትልመንት ጥሪም በእሱ ይደወላል። ባትሪው በሰዓት የሚሞት ስልክ «ይሠራል» ተብሎ የተሸጠላት እናት ምን እንዳመለጣት ሻጩ ጨርሶ ላያውቅ ይችላል።

ገዢም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ምሳሌ 20፥14 ዕቃውን እያጣጣለ ዋጋ አስቀንሶ፣ ዞር ሲል የሚፎክረውን ሰው ይናገራል። ልጅ የጣለውን ስልክ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» ብሎ የሚመልስም አለ።

ጠብ ሲነሣስ? ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው የሰውየውን ፎቶ ግሩፕ ላይ ለጥፎ «ሌባ» ማለት ነው። ሻጩ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከስልክ ወጥቶ ወደ ወገን ይዞራል፤ በማግስቱ የውሃ ሰልፍ ላይ ምንም የማያውቁ ልጆች ይደባደቡበታል። ማቴዎስ 18፥15 በቅድሚያ አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ ተነጋገሩ ይላል። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። እነዚያም የአንተን ወገን ብቻ ባይሆኑ መልካም ነው፤ የሻጩን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርበት።

ስትሄዱ ዕቃውንና የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ስክሪንሹት ይዛችሁ ሂዱ። የተባለው ምን እንደነበር እዚያው ይነበብ። ገንዘቡን የጨረሰ ሻጭ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይመልስ፤ ገዢውም ቀኑን ተስማምቶ ይጠብቀው፤ ስምምነቱን ሁለቱም ይፈርሙበት። ጨርሶ ተከፍሎ ሲያልቅ፣ ግሩፑ ላይ ስሙ ጠፍቶ ከነበረ፣ መክፈሉም እዚያው ግሩፑ ላይ ይጻፍለት።