ከጢስ የተረፈ ገንዘብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።



ነቢዩ ኢሳይያስ በሃምሳ አምስተኛው ምዕራፍ የተጠማውን ሁሉ ወደ ውኃ ይጠራል። ወዲያውም ሕዝቡን አንድ ነገር ይጠይቃል። የላባቸውን ዋጋ ወስደው ለማያጠግብ፥ ከእንጀራም ለማይቈጠር ነገር ስለ ምን እንደሚያወጡት ይጠይቃቸዋል (ኢሳ. 55፥2)። ይህ ጥያቄ ለእስራኤል ምርኮኞች ብቻ የቀረበ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ነድቶ፥ በመኪና ማቆሚያ ቆሞ፥ የሆስፒታል ወለል ጠርጎ፥ በሰው ቤት የሰው ልጅ አሳድጎ ደመወዙን የሚቀበል ስደተኛ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሲጋራ ላይ አድርገን እንመለከተዋለን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ይህን የምጽፈው የሚያጨሱ ወንድሞችንና እኅቶችን ለመገሠጽ አይደለም። በአገራችን ታሪክ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትንባሆን በብርቱ ይከለክሉ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር። ሆኖም ፍርሃት እጅን ለጊዜው ይይዛል እንጂ ልብን አይመልስም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የሚያጨሱ ልጆቻችን ንጉሥ የሚፈሩ አይደሉም። የሚያስፈልጋቸው የሚያወጣ መንገድ ነው።

የሲጋራ ጉዳት ለማንም የተሰወረ አይደለም። በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ሹሙ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የገለጸበት ዘገባ የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። በጢሱ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች መኖራቸው፥ ከእነርሱም ቢያንስ 69ኙ ካንሰር የሚያመጡ መሆናቸው ታውቋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚልዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም መካከል ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ በመተንፈስ የሚሞቱት ከአንድ ሚልዮን ይበልጣሉ። በዐረብ አገሮች ያሉ ልጆቻችን እንደ ቀላል ጨዋታ የሚያዩት ሺሻም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ውኃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም። ይህን ሁሉ ግን የሚያጨሰው ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። በየፓኮው ላይ ተጽፎለታል። ስለዚህ ከማወቅ የሚያልፍ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ከዚሁ ከማኅበረ ምእመናናችን የሆነ አንድ ወንድም አለ። ለሌሎች ትምህርት ቢሆን ብሎ ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። በመኪና ማቆሚያ ሥፍራ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ብርዱንና ብቸኝነቱን በሲጋራ ያሳልፍ ነበር፤ በቀን አንድ ፓኮ ይጨርሳል። በአገር ቤት ያሉት እናቱ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ከቤት እስከ ደጅ የሚሄዱት በሰው እጅ ተይዘው ነበር። እኅቱ ስልክ ደውላ ስለ ሕክምናው ስትነግረው፥ «አሁን እጄ ላይ ምንም የለም፤ ትንሽ ታገሡኝ» አላት። ይህንንም ሲል አልዋሸም፤ በእጁ ላይ በእርግጥ ምንም አልነበረም። ስልኩን ዘግቶ ወደ ውጭ ወጣና ሲጋራ ለኰሰ። ያን ጊዜ ነው በጣቶቹ መካከል ያለውን ያየው።

በማግሥቱ ወደ እኔ መጥቶ፥ «አባ፥ እናቴን በየቀኑ ስምንት ስምንት ዶላር ስከለክላት ኖሬአለሁ» አለኝ። አብረን ቈጠርነው። ፓኮው ስምንት ዶላር ቢሆን በሳምንት 56፥ በሠላሳ ቀን 240፥ በዓመት 2920 ዶላር ይሆናል። በዐሥር ዓመት 29200 ይደርሳል። ቈጥረን ስንጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያም ባዶ የቡና ቆርቆሮ ሰጠሁትና፥ «ልጄ፥ ሲጋራ የምትገዛበት ሰዓት ሲደርስ ስምንቱን ዶላር እዚህ ውስጥ ጣለው፤ በቆርቆሮውም ላይ የእናትህን ስም ጻፍበት» አልሁት።

ምእመናን ሆይ፥ ይህ ምክር ከእኔ የመነጨ እንዳይመስላችሁ። በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮም የተጻፈውና ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን የቆየው፥ በ1860 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ በግእዝ የታተመው የሄርማ መጽሐፍ ስለ ጾም ሲያስተምር ተመሳሳይ ነገር ያዛል። የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ይበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፥ ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ይመክራል። እንግዲህ አባቶቻችን ስለ ተረፈው ገንዘብ ያስቡ ነበር። ጾም ማለት ምግቡን መተው ብቻ ሳይሆን የተተወው ነገር ወዴት እንደ ሄደ ማወቅም ነው። የተራበው ካልበላበት፥ የጾመው ሰው ገንዘብ አጠራቅሟል ይባላል እንጂ ጾሟል አይባልም። እኛ በዐቢይ ጾም ከሥጋና ከወተት ተከልክለን በጢስ ስንጠግብ፥ የጾማችን ትርፍ ለድኃ ሳይሆን ለትንባሆ ነጋዴ ይሄዳል።

በዘመናችንም ይህን በሌላ መንገድ የፈተኑት አሉ። በፊሊፒንስ በሚንዳናው ደሴት ሲጋራ ለሚያጨሱ ሰዎች በባንክ አንድ ውል ቀረበላቸው። ለስድስት ወር ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ በመጨረሻው ሽንታቸው ተመርምሮ ኒኮቲን ካልተገኘበት ገንዘባቸው ይመለስላቸዋል፤ ከተገኘበት ግን ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ውሉን የተቀበሉት ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ውሉ ከቀረበላቸው መካከል ሲጋራ አቁመው የተገኙት፥ ካልቀረበላቸው ይልቅ ከመቶ በ3 ያህል በለጡ፤ ከዓመት በኋላ ድንገት በተደረገ ምርመራም ልዩነቱ ጸንቶ ተገኘ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ገንዘብ በእርግጥ ሰውን ያግዛል። ሁለተኛው፥ ገንዘብ ብቻውን ብዙውን ሰው አያወጣውም።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። የመጀመሪያዋ ሳምንት ከባድ ነበረች። እጁ ተንቀጠቀጠ፥ እንቅልፍ አጣ፥ በባልደረቦቹ ላይ ተቈጣ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሕመሙ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ድንገት የሚመጣው ብርቱ ምኞትም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ረጋ ብሎ ደጋግሞ ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ነው። እርሱም እንዲሁ አደረገ። በሦስት ወር ውስጥ ከሰባት መቶ ዶላር በላይ በቆርቆሮው ተጠራቀመ። ለእናቱም ላከው። ሕክምናው ተደርጎላቸው ዓይናቸው በራ። ስልክ በደወሉለት ጊዜ እናት፥ «ልጄ፥ ይኼን ያህል ገንዘብ ከየት አመጣኸው? ተበድረህ እንዳይሆን?» አሉት። እርሱም፥ «የለም እማዬ፥ ከጢስ ያወጣሁት ነው» አላቸው። እርሳቸው ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን መረቁት።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ግን አላለቀም። ከዚያ ስልክ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወንድማችን እንደገና ሲጋራ ገዛ። አፍሮም ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። በኋላ ሲነግረኝ፥ «አባ፥ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ፤ የማጠራቅምለት ነገር አለቀ። እናቴ አይታለች፤ ከዚህ በኋላ ለማን ብዬ?» አለኝ።

እነሆ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ስለ ርኩስ መንፈስ የተናገረውን አስቡ። ከሰው ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ፥ ነገር ግን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችንም ይዞ ይገባል (ማቴ. 12፥43-45)። የዚያ ሰው ጥፋት ቤቱን መጥረጉ አይደለም፤ የጠረገውን ቤት ሰው ሳያስገባበት መተዉ ነው። ወንድማችን ሲጋራውን ያስወጣው ለአንድ ዕዳ ነበር። ዕዳው ሲከፈል ቤቱ ባዶ ሆነ። የመጀመሪያው ግባችን መልካም ቢሆንም እንኳ የሚያልቅ ግብ ነው፤ ሰው የሚጸናው ግን በማያልቅ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የገንዘቡ መጠራቀም ራሱ ግብ ከሆነ፥ ከአንዱ ጌታ ወጥተን ለሌላው ተገዛን ማለት ነው። ሲጋራውን ትቶ ቍጥሩን የሚያመልክ ሰው አለ። ቆርቆሮውን በየማታው እየከፈተ ይቈጥራል፤ ለልመና እጁን ለሚዘረጋ ግን አይከፍተውም። ቅዱስ ጳውሎስ በምንም ነገር ሥልጣን ሥር ላለመውደቅ መወሰኑን ሲጽፍ (1 ቆሮ. 6፥12) ከክፉ ነገር ብቻ ነፃ መውጣቱን አልተናገረም። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻም ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑንና ዋጋ የተከፈለበት መሆኑን ያስታውሰናል። እኛ ስለ ስምንት ዶላር እንቈጥራለን፤ ስለ እኛ የተቈጠረው ግን የክርስቶስ ደም ነው። ሲጋራ የምንተወው ውድ ስለ ሆነ ብቻ ከሆነ በረከሰ ጊዜ እንመለስበታለን። እኛ ውዶች ስለ ሆንን ከተውነው ግን ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም አይመለከተንም።

ታዲያ ለወንድማችን ምን አልሁት? «ቆርቆሮውን አምጣው» አልሁት። ስሙን ሰረዝነው፤ በቦታውም ሦስት ነገር ጻፍን። የመጀመሪያው ክፍል ለቤተ ሰቡ ነው፥ በየወሩ ለእናቱ የሚላክ። ሁለተኛው ለማያውቀው ድኃ ነው። ሦስተኛው ለራሱ፥ ለትምህርቱ ነው፤ ሲያስበው የኖረውን የማታ ትምህርት እንዲጀምርበት። እናት አንድ ጊዜ ታክማ ትድናለች፤ ድሆች ግን ጌታ እንደ ተናገረ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ ያ ቆርቆሮ ባዶ አይሆንም። የወደቀባትን ቀን ስምንት ዶላርም አላስቀረንበትም። በማግሥቱ ጨመራት። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ቢወድቅ እንደሚነሣ ሰሎሞን ጽፏልና (ምሳ. 24፥16)። ሲጋራ ካቆሙት ሰዎች ብዙዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረው ነው ያቆሙት። አንድ ሲጋራ ማጨስ መሰናከል ነው፤ «እንግዲህ አልቆልኛል» ብሎ ፓኮውን መግዛት ግን ወድቆ መተኛት ነው።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡና ለማቆም የምታስቡ ወገኖቼ፥ ጥቂት ነገር ልምከራችሁ። የምታወጡትን ገንዘብ በእውነት ቍጠሩ፤ ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ጌታ አስተምሯልና (ሉቃ. 14፥28)። ገንዘቡን በየዕለቱ ለዩት፤ ካልተለየ በሌላ ነገር ይሟሟል፤ በወሩ መጨረሻም ምንም እንዳልተረፈ ይመስላችኋል። ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለታመነ ወዳጅ ንገሩ፤ ብቻውን የሚታገል ሰው በቀላሉ ይሸነፋል። ሐኪምንም አትናቁ። ሲራክ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣው ይናገራል (ሲራ. 38)። በቆዳ ላይ የሚለጠፈውንና የሚታኘከውን ኒኮቲን፥ ሐኪም የሚያዝዘውንም ክኒን መጠቀም የእምነት ጕድለት አይደለም። በአሜሪካ በየግዛቱ ለሚያቆሙ ሰዎች ያለ ክፍያ በስልክ የሚመክሩ አሉ፤ ጠይቁ።

የማያጨሱ ምእመናንም ድርሻ አላችሁ። ከአጥር ውጭ የቆመውን ወንድም አይታችሁ ፊታችሁን አታዙሩ። ከእርሱ ጋር ቁሙ፤ ቡና ግዙለት። ለአንድ ወር ካቆመ ከእርሱ ጋር ደስ ይበላችሁ፤ ከወደቀም አታውሩበት። እኛ የምናወጣው የሐሜት ጢስ ከእርሱ ጢስ አይሻልምና።

አቁሞ አንድ ዓመት የሞላው ሰው በሲጋራ ምክንያት በልቡ ላይ የተጨመረው የሕመም አደጋ ወደ ግማሽ ያህል እንደሚወርድ ሐኪሞች ይናገራሉ። ወንድማችን ዓመቱን ሞልቷል። ቆርቆሮውም እስከ ዛሬ በቤቱ መስኮት ላይ አለ፤ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም፥ ሳይሞላ ይሰጣልና። ባለፈው ወር እናቱ ደውለው፥ «ልጄ፥ ድምፅህ ጠርቷል፤ ያ ሳልህ የት ሄደ?» አሉት አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር።

አምላካችን የላባችንን ዋጋ በሚያጠግበው ነገር ላይ እንድናውል፥ በእጃችን ያለውን ጥለን የተዘረጋውን የድኃ እጅ እንድንይዝ ይርዳን። በሱስ የታሠሩትን ይፍታልን፤ የወደቁትን ያንሣልን፤ የጸኑትን እስከ ፍጻሜ ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።