በማስተዋል መሄድና በማስተዋል መደገፍ

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጣቸው ስጦታዎች መካከል ማስተዋል ታላቅ ስጦታ ነው። ገበሬ ወራቱን ለይቶ የሚዘራው፣ ነጋዴ አስልቶ የሚያተርፈው፣ ተማሪም ፊደል ቈጥሮ መጽሐፍ የሚያነበው በዚህ ነው። እንግዲህ ማስተዋል የእግዚአብሔር ስጦታ ከሆነ፣ ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ በሦስተኛው ምዕራፍ ሰው በገዛ ማስተዋሉ እንዳይደገፍ ስለ ምን ያስጠነቅቃል? ሰጪው የሰጠውን መልሶ ይነቅፋልን? ይህ ጥያቄ ይልቁንም በትምህርት አእምሮአቸውን የሳሉትን ሰዎች የሚያስጨንቅ ነውና በትዕግሥት ልንመረምረው ይገባናል።

ቃሉን አስተውለህ ብታነብ፣ የተከለከለው ማስተዋል ሳይሆን በማስተዋል መደገፍ እንደ ሆነ ታገኛለህ። ያው መጽሐፍ ሰው ጥበብን እንደ ተሰወረ ገንዘብ አጥብቆ እንዲፈልጋት ይመክራልና። ልዩነቱ እንዲህ ነው። በሌሊት የሚጓዝ ሰው በአንድ እጁ ፋኖስ፣ በሌላው እጁ ምርኩዝ ይይዛል። ፋኖሱ ጕድጓዱንና ድንጋዩን ያሳየዋል፤ እግሩ በተሰናከለ ጊዜ ግን የሚደገፈው በምርኩዙ ነው። በፋኖሱ ቢደገፍ መስተዋቱ ይሰበራል፣ መብራቱም ይጠፋል፣ እርሱም ይወድቃል። ፋኖስ መንገድ ሊያሳይ እንጂ የሰው ክብደት ሊሸከም አልተሠራም። እንዲሁም ማስተዋላችን ፋኖስ ነው፤ ምርኩዛችን ግን እግዚአብሔር ነው።

ለዚህም ምስክሩ ራሱ ሰሎሞን ነው። በገባዖን እግዚአብሔር በሕልም በተገለጠለት ጊዜ ባለጠግነትንና ረጅም ዕድሜን ትቶ አስተዋይ ልብን ለመነ፤ ተሰጠውም። በሸመገለ ጊዜ ግን ልቡ ወደ ባዕዳን አማልክት አዘነበለ። ከነገሥታት ሁሉ ይልቅ ጥበበኛ የነበረው ሰው የወደቀው ፋኖስ ስላጣ አይደለም፤ ምርኩዙን ስለ ጣለ ነው እንጂ። እንግዲህ ከእርሱ ያነሰ ጥበብ ያለን እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል!

ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚፈተነው መቼ ነው? ሰው ክፉ ሊያደርግ ወጥቶ መንገዱ ቢዘጋበት፣ ኅሊናው በነቃ ጊዜ ራሱ ያመሰግናል። ጭንቀቱ የሚመጣው ምኞታችን መልካም ሲሆን ነው። ለእግዚአብሔር ክብር ያሰብነው፣ ጸልየን የጀመርነው፣ ሽማግሌዎችም የመረቁት ሥራ ድንገት ሲዘጋ፣ ልባችን በምን ተደግፎ እንደ ነበር ያን ጊዜ ይገለጣል።

ንጉሡ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ አሰበ። ከዚህ የሚበልጥ ምን መልካም አሳብ አለ? ነቢዩ ናታንም ሰምቶ ወደደለት። በዚያች ሌሊት ግን ቤቱን የሚሠራው ዳዊት ሳይሆን ልጁ እንደ ሆነ የሚናገር ቃል ከእግዚአብሔር ዘንድ መጣ። ተመልከት፤ ያሰበው መልካም ንጉሥ ነው፤ ያጸናውም እውነተኛ ነቢይ ነው፤ የሁለቱም ማስተዋል ግን አልደረሰበትም። ዳዊት ይህን በሰማ ጊዜ አላኰረፈም። ወደ እግዚአብሔር ፊት ገብቶ አመሰገነ፤ ከዚያም በኋላ ወርቁንና ብረቱን፣ ዝግባውንና ድንጋዩን ለልጁ አዘጋጀለት። ዓይኑ ባላየው ቤት ውስጥ የእጁ ድካም ነበረበት።

እንዲህ ያለው ነገር በጥንት ዘመን በእስራኤል ብቻ የሆነ አይደለም። በአገራችንም ታይቶአልና የኦነሲሞስ ነሲብን ታሪክ በአጭሩ ልንገርህ። ዓመታቱን የምጽፍልህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ወላጆቹም ሂካ አሉት። ገና ልጅ ሳለ ሰው ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ነጻ ወጣ፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደነበረው ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ተጠመቀ፤ ስሙም ኦነሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚማልድለት የባሪያው ስም ነው። ከዚህ በኋላ ኦነሲሞስ ወደ ስዊድን አገር ተልከው ተማሩ፤ በ1881 ሲመለሱም አሳባቸው አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ለተወለዱበት ለኦሮሞ ሕዝብ ወንጌልን ማድረስ ነው።

ከዚህ የበለጠ የተቀደሰ ምኞት ከወዴት ይገኛል? ሰውየው የተማሩ ናቸው፤ ተወላጅ ናቸው፤ ፈቃደኛም ናቸው። ነገር ግን በሱዳን በኩል ያደረጉት የመጀመሪያው ጕዞ አሶሳ አጠገብ ሲደርስ ተዘጋ፤ በ1882 ታመው ተመለሱ። ሁለተኛው ጕዞ በ1886 እስከ እንጦጦ አደረሳቸው፤ ከዚያ ወደ ፊት ማለፍ ግን አልተፈቀደላቸውም። እንደገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በገዛ ማስተዋሉ የሚደገፍ ሰው በዚህ ስፍራ ከሁለት አንዱን ይል ነበር፤ ወይም፣ እግዚአብሔር አልጠራኝም፣ ወይም፣ እግዚአብሔር ረስቶኛል።

ኦነሲሞስ ግን በእምኩሉ ተቀምጠው በእጃቸው ያለውን ሥራ ያዙ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ነበረ። ሥራው ከባድ ነው፤ ከአገራቸው በልጅነታቸው ስለ ተወሰዱ የቋንቋው ቃላት ይጐድሉባቸው ነበርና። አሁን ደግሞ ይህን አስተውል። ሁለተኛው መንገድ በተዘጋበት በዚያው በ1886 ዓመት፣ ባሪያዎችን ጭኖ ቀይ ባሕርን የሚሻገር ጀልባ በኢጣልያ መርከብ ተያዘ፤ ነጻ ከወጡትም መካከል አስቴር ገኖ የምትባል ልጅ ነበረች። ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጣች። አስቴር የአገሯን ቋንቋ ከነተረቱና ከነዘፈኑ አጥርታ የምታውቅ ነበረች፤ ቃላትን ሰብስባ አዘጋጀች፤ ለትርጕሙም ታላቅ ረዳት ሆነች። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ኦነሲሞስም ከአስቴርና ከሌሎች ባልንጀሮች ጋር በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ። ከመጀመሪያው ጕዞ እስከዚያ ቀን ሃያ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

እንግዲህ አስብ። በ1882 መንገዱ ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ኦነሲሞስ ይዘው የሚገቡት አንድ አንደበት ነበረ፤ እርሱም በሚሞቱበት ቀን ዝም ይል ነበር። በ1904 ግን ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው የሚያነበውን መጽሐፍ ይዘው ገቡ። ከገቡም በኋላ መከራው አላበቃም፤ ተከስሰው ከመስበክ ተከለከሉ፤ ያን ጊዜም በነቀምት በትምህርት ቤታቸው ማስተማርን አልተዉም። በ1916 የመስበክ ፈቃድ አገኙ፤ በ1931ም አረፉ። መጽሐፉ ግን አላረፈም።

ከዚህ ታሪክ ስንማር ከሁለት ስሕተት እንጠበቅ።

የመጀመሪያው ስሕተት ክፉውን መልካም ነው ማለት ነው። ሕፃንን ከእናቱ ጕያ ነጥቆ መሸጥ ኃጢአት ነው፤ ፍሬው ምንም ቢሆን ኃጢአትነቱ አይለወጥም። ዮሴፍ ከወንድሞቹ ጋር በታረቀ ጊዜ ያደረጉበትን ክፋት ክፋት ብሎ ነው የጠራው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ከክፋታቸው በላይ እንደ ነበረ መሰከረ። የእግዚአብሔር ጥበብ ለበደለኛ ጠበቃ አይደለችም። ስለዚህ ልጅዋ የሞተባትን እናት ልታጽናና ስትሄድ፣ ይህ የሆነው ለዚህ ነው ብለህ ለመተርጐም አትቸኩል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን እናውቃለን ባሉ ጊዜ ግን ቍስሉን አባሱበት። በእግዚአብሔር ጥበብ መታመን ያን ጥበብ እኔ አውቄዋለሁ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት ስንፍና ነው። የአገራችን ሰው፣ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል፣ ይላል። መልካም ተናግሮአል፤ አንዳንዱ ግን ይህን ቃል ትራስ አድርጎ ይተኛበታል። ሳያጠና ወደ ፈተና የሚገባ ተማሪ፣ ሒሳቡን ሳይመረምር ገንዘቡን የሚበትን ነጋዴ፣ ታምሞ ሐኪም አልይም የሚል ሰው በእግዚአብሔር የታመነ አይደለም፤ ፋኖሱን አጥፍቶ በጨለማ የሚሮጥ ነው እንጂ። ኦነሲሞስ መንገዱ አንድ ጊዜ ቢዘጋ ሁለተኛ ሞከሩ፤ ሁለተኛው ቢዘጋ መጽሐፍ ተረጐሙ፤ ዕድሌ ነው ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም።

ምናልባት፣ እንግዲህ በየዕለቱ ኑሮዬ እንዴት ልሂድ? ትለኝ ይሆናል። ሦስት ነገር እነግርሃለሁ።

አንደኛ፤ የእግዚአብሔር ቃል በግልጥ በከለከለው ነገር ከማስተዋልህ ጋር አትመካከር። በሚዛን የሚያታልል ነጋዴ፣ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ልጆቼስ ምን ይብሉ? ይላል። ጉቦ የሚቀበል ጸሐፊም፣ ደመወዜ አይበቃኝም፤ ባለጕዳዩም ወድዶ ነው የሰጠኝ፣ ይላል። ከባልንጀራው ወረቀት የሚሰርቅ ተማሪም፣ ይህን ፈተና ካለፍሁ በኋላ ብዙ ሰው እረዳለሁ፣ ይላል። ሁሉም ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውም ከሩቅ ሲታይ ያማረ ነው። በማስተዋል መደገፍ ማለት ይህ ነው፤ የተማረ ሰው ለኃጢአቱ ካልተማረው ይልቅ ያማረ ምክንያት ማግኘት ይችላልና ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ሁለተኛ፤ ቃሉ ባላዘዘውና ባልከለከለው ነገር፣ ይኸውም በትዳር፣ በሥራ፣ በመኖሪያ ስፍራ ምርጫ፣ ጸልይ፤ ያዕቆብ በመልእክቱ እንደሚያስተምር ጥበብ የጐደለው ሰው እግዚአብሔርን ይለምን። ሽማግሌዎችን ጠይቅ፤ ነገሩን መርምር፤ ከዚያም ወስነህ ተነሣ። ነገር ግን አሳብህን በተዘረጋ መዳፍ ያዘው እንጂ በጭብጥህ አትጨብጠው። ልብህ የወደደውንም ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው አትበል፤ ናታን እንኳ በዚህ ተሳስቶ ነበርና።

ሦስተኛ፤ መንገድህ በተዘጋ ጊዜ በአጠገብህ ያለውን ሥራ ፈልግ። ብዙ ሰው የተዘጋውን በር ሲያይ ዘመኑን ይጨርሳል፤ በእጁ ያለው ብዕር ግን ይደርቃል። በሩ ነገ የሚከፈት እንደ ሆነ አታውቅም፤ ዛሬ ልትሠራው የሚገባህን ግን ታውቃለህ።

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የኦነሲሞስን ታሪክ ዛሬ ስናነብ ከፍጻሜው ወደ መጀመሪያው እናነባለንና ሁሉ ቀና ይመስለናል። እርሳቸው ግን በ1886 ከእንጦጦ ሲመለሱ 1904ን አላዩም። ፍጻሜውን በዓይናቸው ሳያዩ የሞቱም ብዙዎች አሉ፤ ሙሴ ተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ አየ እንጂ አልገባባትም። ስለዚህ እምነታችን፣ ኋላ ይሳካልኛል በሚል ተስፋ ላይ ቢመሠረት፣ ያም ተመልሶ በራስ ማስተዋል መደገፍ ነው። የእምነታችን መሠረት ሌላ ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ፈቃዱንም ለአባቱ ሰጠ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። በዓርብ ቀን በመስቀሉ ሥር የቆመ ሰው በማስተዋሉ ቢፈርድ ሁሉ ጠፋ ይል ነበር፤ የዓለም መዳን የተፈጸመው ግን በዚያች ቀን ነው። ለእኛ አንድ ልጁን ያልነፈገን አባት፣ መንገዳችንን ሲዘጋ ጠልቶን እንዳልሆነ በዚህ እናውቃለን። ምክንያቱን ባናውቅም እርሱን እናውቀዋለን።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ብቻህን በሆንህ ጊዜ ልብህን ጠይቀው፤ የተደገፍኸው በምንድር ነው? በትምህርትህ ነውን? በዘመድህ ነውን? ባሰብኸው አሳብ ነውን? እነዚህን ሁሉ አትጣላቸው፤ ፋኖሶች ናቸውና ያዛቸው፣ ዘይትም ጨምርባቸው። ክብደትህን ግን በእግዚአብሔር ላይ ጣለው። እርሱ አይሰበርምና።

የሰላም አምላክ እግርህን ይምራ። አሜን።