የልጆቻችን ገላ አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ስለ ልጅ አስተዳደግ ስንነጋገር ቁርአን ማስቀራቱን፣ ሰላት ማስለመዱን፣ ከመጥፎ ጓደኛ መጠበቁን እናነሳለን። ተገቢ ነው። ግን ልጁ ሰላት የሚቆምበት ገላስ የማን አደራ ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና በሥራችን ስላሉት እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ገበታችን ከዚህ ጥያቄ ውጭ የሚሆን አይመስለኝም።

በከተማችን ወፍራም ልጅ የደህና ቤት ምልክት ነው። «ማሻአላህ፣ ጉንጩን አያችሁት!» ይባልለታል። አመለካከቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ረሃብን የምናውቅ ሕዝብ ነን። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ ከመጠን በላይ የወፈሩት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ታዲያ «ይህ የፈረንጆች ችግር ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ በ2022 በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 37 ሚሊዮን ሕፃናት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ነበር። ችግሩ የድሃ አገሮችን ከተሞችም እያዳረሰ ነው። በልጅነት የመጣ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመምም ያጋልጣል።

ለመሆኑ ጥሩ አመጋገብ ከየት ይጀምራል? ከእናት ጡት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ማጥባትን ማሟላት ለሚሹ ሁለት ሙሉ ዓመታትን ጠቅሷል። የሐኪሞችም ምክር እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየሰጡ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲጠግብ ፊቱን ያዞራል፤ ልኩን ያውቃል። ይህን ልክ የምናበላሸው እኛ ነን። ጡጦው ካላለቀ አንለቀውም፤ ሲያድግ ደግሞ «ሳህንህን ሳትጨርስ አትነሳም» እንለዋለን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የሰው ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ እንደማይሞላ፣ ግድ ካለውም ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንዲያደርግ መክረዋል። «ጠገብኩ» ያለን ልጅ ማስገደድ ከዚህ ምክር ጋር እንዴት ይስማማል? «ምግብ መጣልስ ኢስራፍ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው። መፍትሔው ግን መጀመሪያ ጥቂት ማቅረብ ነው፤ ካልበቃው ይጨመርለታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጣፋጭን ሽልማት ማድረጋችን ነው። በየሰፈሩ የማየው ይኸው ነው፦ ሱራውን በቃሉ ለያዘ ከረሜላ፣ ላለቀሰ ብስኩት፣ ለዒድ ለስላሳ በለስላሳ ላይ። እስኪ እናስላ። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ከ7 የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለቱ ኃይል ሰጪ ምግብ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 1,200 ካሎሪ ለሚበቃው ሕፃን ገደቡ 30 ግራም ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ገደብ ጨረሰችው ማለት ነው፤ ሻዩና ብስኩቱ ገና አልተቆጠረም። ለቁርአን ተማሪ ምርቃት፣ ደብተር ወይም ኳስ ብንሸልመው ምን ይጎድልበታል?

ልጁ ጎመንና ካሮት አልወድም ቢል ተስፋ አንቁረጥ። የሕፃን ምላስ አዲስ ጣዕም የሚለምደው ደጋግሞ ሲቀምስ ነው፤ አሥር ጊዜ ያህል ማቅረብ ሊያስፈልግ ይችላል። ደግሞም ልጅ የሚበላው አባቱ ሲበላ ያየውን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ያደገው ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) እጁን በሳህኑ ዙሪያ ሲያዞር አይተው አልገላመጡትም፤ አላህን አውስቶ፣ በቀኙ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲበላ አስተማሩት። ይህን ያስተማሩት አብረውት ማዕድ ላይ ቀርበው ነው። እኛስ? ልጁን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠን ማጉረስ ትምህርት ይሆናልን?

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። የወፈረን ልጅ «ዱባ» እያሉ ማሾፍ በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ መሳለቅ ነው። ልጅን ማስራብም መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪም ይማከር። ውፍረትም ከገበታ ብቻ አይመጣም፤ መጫወቻ ሜዳ ያጣ ልጅ ምን ያድርግ?

ወላጆች ሆይ! ጎረቤቱ ተርቦ እርሱ ጠግቦ ስለሚያድር ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩትን አንርሳ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ልጅ በለስላሳ ሲወፍር ሌላው በእጦት ይቀጭጫል። የለስላሳውን ገንዘብ ለዚያ ጎረቤት ልጅ እንቁላል ብናደርገው ሁለቱንም እንጠቅማለን፤ የእኛው ልጅም ከሆዱ በፊት ጎረቤቱን ማየት ይማራል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በጤናና በኢማን ያሳድግልን። አሚን!