አህያውን ፈርተህ ዳውላውን አትምታ

ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ደውለህ «ጋሼ፣ የሠርጉን ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ሶፍትዌር ዛሬ ብቻ ስድስት ጊዜ ዘጋብኝ፤ ኮምፒውተሩን ሸጬ ሌላ ልገዛ ነው» ስትለኝ ዝም ያልኩት እንቅልፍ ይዞኝ አልነበረም። በድምፅህ ውስጥ የራሴን ጉርምስና ሰምቼ ነው። እኔም የሙሽራ ቤተሰብ በየቀኑ እየደወለ «የት ደረሰ?» ሲለኝ፣ ከእምቢተኛ ማሽን ጋር ስተናነቅ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና እስቲ ስማኝ።

ኮምፒውተሩን አትሽጥ። ምን ምን ሞከርክ ስልህ በአንድ ትንፋሽ የደረደርክልኝን ደግሞ ላስታውስህ፦ ዊንዶውሱን አፕዴት አደረግክ፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ቀየርክ፣ ሶፍትዌሩን አጥፍተህ አዲሱን ጫንክ፣ ከጓደኛህ ራም ተውሰህ ጨመርክ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን! አሁን ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው አታውቅም፤ ቢብስበትም የትኛው እንደገደለው አታውቅም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንድ ነገር ቀይር፣ ሞክር፣ ጻፈው፤ ካልሆነ እንደነበረው መልሰህ ወደ ሌላው እለፍ። ወረቀቱን አትናቅ። እኔ እስከ ዛሬ ከኪቦርዱ አጠገብ ደብተር አይጠፋኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚዘጋብህ የት ላይ ነው? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤክስፖርቱ 41 በመቶ በደረሰ ቁጥር፣ ጥፋቱ ከቀረጻው ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠ ክሊፕ፣ ፎቶ ወይም ኤፌክት አለ። ቦታው ከተለዋወጠ፣ አንዴ በአሥር ደቂቃ፣ አንዴ በሁለት ሰዓት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ከበዛ፣ ወደ ማሽኑ ዙር። ገና ስትከፍተው ከዘጋ ደግሞ ፕሮጀክቱን ወይም ፕለጊኑን ጠርጥር፤ አዲስ ባዶ ፕሮጀክት ክፈትና አሮጌውን ወደ ውስጡ አስገባው። ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ የጥር ሠርግ ነበር፤ ሁልጊዜ ኬክ ሊቆረስ ሲል ሶፍትዌሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሦስት ቀን ኮምፒውተሩን ወቀስኩት። ፎርማት አስደረግኩት፣ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩለት፣ ለጥገና ከፈልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ያ ነው። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ ሲያልቅ (ወይም ሲጀምር ልበልህ) ታይምላይኑን ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ችግር ወጣ፤ ሁለተኛው ዘጋ። ሁለተኛውን ደግሞ ለሁለት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንዲት ክሊፕ ላይ ደረስኩ፤ ረዳቴ እየቀረጸ ሳለ የካሜራው ባትሪ ያለቀባት ክሊፕ። ካሜራው ፋይሉን ሳይዘጋው ነው የሞተው። ጅራት የሌላት ክሊፕ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጎልማሳ ስታስለቅስ ከረመች።

አትሳቅ። የአራት ሰዓት ታይምላይን ዐሥር ጊዜ ለሁለት ብትከፍለው በእጅህ የሚቀረው 14 ሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ከመማረር ዐሥር ጊዜ መክፈል ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ «ኮምፒውተሬ አዲስ ነው፣ ጌም እንኳን ያጫውታል፣ ለምን የካሜራ ቪዲዮ ያቅተዋል?» ያልከኝ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነውና።

በሚኒ ዲቪ ካሴት ዘመን አንድ ሰዓት ቀረጻ በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ያው አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ሲገባም 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ፍሬሙ 720 በ576 ነጥብ፣ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ሙሉ ሥዕል። ከየትም ብትቆርጠው ማንንም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒና ፓናሶኒክ ኤቪሲኤችዲ የሚባለውን አቀራረጽ ይዘው መጡ፤ ያንተም ካሜራ የሚቀርጸው በዚሁ ነው። ሥዕሉ 1920 በ1080 ሆነ፤ ነጥቡን ብትቆጥረው የካሴቱ አምስት እጥፍ ነው። በሰከንድ 24 ሜጋቢት ሲቀዳ ግን የአንድ ሰዓቱ ፋይል 11 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። አምስት እጥፍ እህል፣ ከቀድሞው ባነሰ ስልቻ!

እንዴት ተጠቀጠቀ? የድሮ መዝገብ ቤት ጸሐፊ አይተህ ከሆነ እንደ እሱ ነው። ከላይ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይጽፍና ከሥሩ «ዝኒ ከማሁ፣ ዝኒ ከማሁ» እያለ ይወርዳል፤ አዲስ የሚጽፈው የተለወጠውን ብቻ ነው። ካሜራውም በግማሽ ሰከንድ ገደማ አንድ ሙሉ ሥዕል ያስቀምጥና ለቀሩት ፍሬሞች፦ ግድግዳው ዝኒ ከማሁ፣ ቬሎው ዝኒ ከማሁ፣ የሚዜው እጅ ብቻ ትንሽ ወደ ግራ፣ እያለ ይሄዳል። አንዳንዱ መስመር እንዲያውም ገና ካልተነበበው ከበታቹ ካለው ይዋሳል። ቪዲዮውን ለማየት ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው። አንተ ግን መሐል ላይ ትቆርጣለህ፣ ወደ ኋላ ትጎትታለህ፣ ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን ታስኬዳለህ፣ በላዩ ላይ ቀለም ትቀባለህ። በእያንዳንዱ ንክኪ ኮምፒውተሩ ወደ ላይ ሮጦ ሙሉው የተጻፈበትን መስመር ፈልጎ፣ ከዚያ እየቆጠረ መውረድ አለበት። ቢደክመው ምን ይገርማል?

መድኃኒቱ መዝገቡን ኤዲት ሳትጀምር በሙሉ ማስጻፍ ነው። ቀረጻውን ወደ ፕሮሬስ ወይም ወደ ዲኤንኤክስኤችዲ ቀይረው፤ በእነዚህ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሙሉ ነው። ዋጋው ቦታ ነው። በፕሮሬስ 422 የአንድ ሰዓት ቀረጻ 55 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ስድስት ሰዓት ሠርግ 330 ጊጋባይት በላህ ማለት ነው። ሃርድ ዲስክህ ካልቻለ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ፣ አሠራ። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በሙሉ መጠኑ እንኳ ለአንድ ሰዓት 17 ጊጋባይት ያህል ነው የሚይዘው፤ ሥዕሉን በግማሽ ብታሳንሰው ከዚያም ይቀላል። በቀላሉ ትቆርጣለህ፣ መጨረሻ ላይ ሶፍትዌሩ ራሱ ዋናውን ፋይል ይተካል። ታዲያ ልብ በል፤ ኤክስፖርት የሚወጣው ከዋናው ስለሆነ፣ ዋናው ውስጥ የተበላሸ ክሊፕ ካለ ፕሮክሲው አያድንህም። ስትቆርጥ ጤና ሆኖ ኤክስፖርት ላይ ከዘጋ ምክንያቱ ምናልባት እሱ ነው።

ቀረጻውን ከካሜራው ሜሞሪ ወደ ኮምፒውተር ያገለበጥክበትን መንገድም አልወደድኩትም። «ኤምቲኤስ የሚሉትን ፋይሎች ብቻ መርጬ አወጣሁ» አልከኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብዙ ካሜራ በሚጠቀምበት በፋት 32 ፎርማት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ በ24 ሜጋቢት ሳይቋረጥ የሚቀረጽ ቅዳሴ ወይም የሽማግሌ ምርቃት 23 ደቂቃ ገደማ በደረሰ ቁጥር ይቆረጥና በሌላ ፋይል ይቀጥላል። እንዴት እንደሚያያዝ የሚናገሩት ትንንሾቹ ፋይሎች አንተ «ምንም አይሠሩም» ብለህ የተውካቸው ናቸው። «ፕራይቬት» የሚለውን ፎልደር እንዳለ፣ አንድም ነገር ሳትነካ አንሣው። መጋጠሚያው ላይ ድምፁ የሚቆረጠውና ፍሬም የሚጎድለው ይህን ባለማድረግ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፎርማት የተደረገ ሜሞሪ አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ካሜራ ካለህ ሁለቱም ውስጥ 00000 የሚል፣ 00001 የሚል ፋይል አለ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ፎልደር ከትቼ «ይተካ?» ሲለኝ «አዎ» ብያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ቀረጻ ጠፍቶ በቦታው የመልሱ ጭፈራ ቁጭ አለ። ለየሜሞሪው የራሱን ፎልደር ስጠው። ስሙንም በላቲን ፊደልና በቁጥር አሳጥረህ ጻፍ። ይህን ስል ደስ እያለኝ አይደለም፤ ፊደላችንን እወዳለሁ፤ ግን በፎልደር ስም ውስጥ ሲያገኘው የሚደናገር ሶፍትዌርና ፕለጊን ዛሬም አለ።

የሙሽሪት አጎቶች ከአሜሪካ በቴሌግራም የላኩት የምርቃት ቪዲዮስ? እሱንም እንዳለ ታይምላይኑ ላይ ወርውረኸዋል አሉ። የስልክ ቪዲዮ የፍሬሙ ቁጥር አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዴ 30፣ አንዴ 24፣ ብርሃን ሲያንስ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። አፍና ድምፅ የሚለያየው፣ አንዳንዴም ሶፍትዌሩ የሚሰናከለው በዚህ ነው። ሃንድብሬክ ነፃ ነው፤ አውርደህ የማይለዋወጥ ፍሬም የሚለውን፣ 25 መርጠህ፣ አስቀድመህ አሳልፈው። ፎቶግራፈሩ የሰጠህን ፎቶዎችም አሳንሳቸው። 6000 በ4000 የሆነ አንድ ፎቶ 24 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ የቪዲዮህ ፍሬም ግን ሁለት ሚሊዮን ብቻ። ሠላሳውን ስላይድ ሾው ላይ ስትደረድር ማሽኑ ቢተነፍስ አትፍረድበት።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም በየቦታው የሚዘጋ ከሆነ ማሽኑን ጠይቅ። ፋኑን ክፈትና አቧራውን አራግፍ። ካሹን አጥፋው፤ ሶፍትዌሩ መልሶ ይሠራዋል፣ ዋናውን ቀረጻ ግን እንዳትነካ። ሲ ድራይቭህ እስከ አንገቱ ሞልቶ ከሆነ አቅልለው። ከዚያ በሶፍትዌሩ ሴቲንግ ውስጥ የግራፊክስ ካርዱን እገዛ አጥፍተህ ሞክር፤ ቀርፋፋ ሆኖ ካልዘጋ ጥፋቱ ከድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስም ማስታወሻ ይይዛል፦ ኢቨንት ቪወር ከፍተህ አፕሊኬሽን የሚለው ውስጥ ሶፍትዌሩ የወደቀበትን ሰዓት ፈልግ፤ ፎልቲንግ ሞጁል የሚል መስመር ታገኛለህ። እዚያ የተጻፈው ስም በኤንቪ ፊደላት ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ የኤንቪዲያ ድራይቨር ነው። ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ግን በጨለማ ከመዳበስ ይሻላል። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከሆነ የምትጠቀመው፣ እኔም ምን እንደተነካካበት አላውቅምና አትጠይቀኝ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቨርዥን አለው።

የመብራቱን መቆራረጥ ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዩፒኤስ ግዛ፣ አውቶሴቩን በየአምስት ደቂቃ አድርገው።

ኮፒ አለህ ወይ ስልህ «ሜሞሪው ላይ አለ» አልከኝ፤ ያ ሜሞሪ ደግሞ እሁድ ለሌላ ሠርግ ሊሄድ ነው! ላም አለኝ በሰማይ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ያሉን ዝም ብለው አይደለም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይገለበጥና ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ክሊፕ ከፍተህ ሳታይ ፎርማት የሚባል ነገር እንዳታስብ።

ለሙሽሪት እናት ደግሞ ዛሬውኑ ደውል። «ነገ፣ ነገ» ማለትህን ተውና ችግር እንደገጠመህ፣ ስምንት ቀን እንደምትፈልግ ንገራቸው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። የተቆጣ ደንበኛ ይመለሳል፣ የተዋሸ ግን ሰፈር ሙሉ ይነግርብሃል።

አሁን ፕሮክሲውን አስጀምረህ ስክሪኑን አጥፋና ወደ ቤት ሂድ፤ እናትህ ራት ይዛ ትጠብቅሃለች። ከመውጣትህ በፊት ሜሞሪውን ከካሜራው አውጣ፤ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳባት፣ በፖስታ ክተተውና የሠርጉን ቀን ጻፍበት። እሁድ ለምትቀርጸው የእኔን ሜሞሪ ወስደህ ተጠቀም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ፤ አንተ ደብተርህን አዘጋጅ፣ የምትዘጋብህ ክሊፕ ካለች አብረን እንፈልጋታለን።